ዕዳ እያለብን ለዲኤስቲቪ እንክፈል?

ጥያቄ፦ ከዘመድ የተበደርነውን እየመለስን ነው፣ የሱቅ ዱቤም አለብን። ባለቤቴ ግን ለኳስ ሲል ዲኤስቲቪውን አናቋርጥም ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ይቅርባችሁ። የወሩን ካልከፈላችሁ ቻናሎቹ ይዘጋሉ እንጂ ዲኮደሩ የትም አይሄድም፣ እጃችሁ ሲፈታ ከፍላችሁ ታስከፍቱታላችሁ። ኢቢኤስና ፋና እንደሆነ በተራ ዲሽ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይታያሉ። ትልልቁን ጨዋታ ሰፈር ካለ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ይይ፤ ኳስ ደግሞ ከጓደኛ ጋር ነው የሚያምረው። የተረፈውን ብር በዚያው ቀን ለባለሱቁ ስጡት፣ ከዱቤ ደብተሩ ላይ ሲሰርዘውም እያያችሁ፣ ምክንያቱም ቤት ካደረ በዘይትና በሽንኩርት ያልቃል። የዘመዱንም አትርሱ፤ ዝም ስላለ ረስቶታል ማለት አይደለም። ባልሽን ግን ሪሞት ቀምተሽ ሳይሆን ሂሳቡን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ አናግሪው። በጣም ከከበደው የእንግሊዝ ሊግ ግንቦት ላይ ሲያልቅ ዝጉት፣ እስከ ነሐሴ የሚቀርበት የሊግ ጨዋታ የለም።