ለሴፍቲኔት ጥናት ወደ ገጠር ለምትወጪው እህቴ፦ ስንት ሰው ሳይሆን ከማን ጋር እንደምትገቢ አስቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ስለ ሴፍቲኔት (ምግብ ለሚያጥራቸው የገጠር ቤተሰቦች እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም) ተጠቃሚ ሴቶች በኳሊታቲቭ፣ ማለትም ቁጥር ሳይሆን የሰዎችን ንግግር በሚመረምር፣ የማስተርስ ጽሑፍ ልትሠሪ ነው፤ «ስንት ሰው ላናግር? ኤንቪቮስ ግዴታ ነው ወይ?» ብለሻል፤ ኤንቪቮ ያልሽው ቃለ ምልልስ መተንተኛውን ሶፍትዌር ነው። እኔ በዚሁ ርዕስ፣ እዚያው አገር ሠርቼ ብዙ ጊዜ የባከነብኝ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

1. ስለ ቁጥሩ። አማካሪሽ እንደኔ አማካሪ የመጠይቅ ሰው መሆኑ አይቀርም፤ መጀመሪያ የሚያነሳብሽ የያማኔን ቀመር፣ ለመጠይቅ ስንት ሰው እንደሚበቃ የሚያሰላውን፣ ነው። በትሕትና እምቢ በዪ። ያ ቀመር ብዛትን ለመገመት የተሠራ ነው፤ አንቺ የምትጠይቂው አንዲት ሴት የተሰጣትን ስንዴ ለማን እንደምታካፍልና ለምን እንደምትደብቀው ነው። ጌስትና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ፤ ጋናና ናይጄሪያ ውስጥ 60 ሴቶች ተጠይቀው አብዛኛው ሐሳብ በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ ምልልሶች ውስጥ ተገኝቷል ይላል። እሱን ጥቀሺ፣ ይሰሙሻል። እኔን ያሳተኝ ግን ይኸው 12 ነው።

2. ኤንቪቮ ግዴታ አይደለም። እኔ ወለል ላይ በተዘረጋ ወረቀትና በአራት ቀለም እስክሪብቶ ነው የሠራሁት። ሶፍትዌሩ የሰየምሽውን ያስቀምጥልሻል እንጂ አያስብልሽም። አቅምሽን ለመተየብ አቆዪው፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም) ቃል በቃል ሲጻፍ ስድስት ሰባት ሰዓት ይበላል።

3. የድጋፍ ደብዳቤ። ከትምህርት ክፍልሽ ስታጽፊ ሦስት ኮፒ ያዢ፣ ማኅተሙን አረጋግጪ… እዚህ ላይ ግን ቁጥሩን ልተወውና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ወረዳውን አልጠራም። ደብዳቤዬን ይዤ አራት ቀን ተመላለስኩ፤ አንድ ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን መስክ ወጥተዋል፣ ሌላ ቀን ማኅተሙ የተቆለፈበት ሰው የለም። በአምስተኛው ቀን የተቀበለኝ ኃላፊ ተቀመጪ እንኳ ሳይለኝ «መጠይቁ የታለ?» አለ። መጠይቅ የለኝም፣ ቁጭ ብዬ ነው የማወያያቸው አልኩት። «ይሄማ ወሬ ነው እንጂ ጥናት አይደለም» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። እስከ ዛሬ ያመኛል። ፊርማውን ላግኝ ብዬ ያለውን ሁሉ ተቀበልኩ፤ ያለው ደግሞ «ብቻሽን አትንቀሳቀሽም፣ የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ያዞርሻል» ነው። በጊዜው ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ መንገዱን ያውቃል፣ ሰዉን ያውቃል፣ የተጠቃሚዎቹ መዝገብ በእጁ ነው። በሦስት ቀን 11 ሴት አነጋገርኩ።

11ዱም አንድ ቃል ተናገሩ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። መንግሥት ረድቶናል። ግን ገና ነን፣ ምንም የለን።» ማስታወሻዬ ላይ «ሳቹሬሽን ተደርሷል»፣ ማለትም ከዚህ በኋላ አዲስ ሐሳብ አይመጣም፣ ብዬ ከነቀኑ ጻፍኩ። ለአማካሪዬም ደውዬ አበሰርኩ።

ያዳነኝ መኪና ማጣት ነው። የበልጉ ዝናብ መንገዱን ዘጋውና አንዲት እናት ቤታቸው አሳደሩኝ፤ ልማት ሠራተኛው አብሮኝ አልነበረም። ቡና ተፈላ። አቦሉን ከጎረቤት ጋር ጠጣን፣ ቶናው ላይ ሰው ቀነሰ፣ በረካው ላይ እኔና እሳቸው ቀረን። ያኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እንዲያው በአላህ፣ ማንን ልታስመርቂ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። በየቤቱ ስገባ «ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው» እያልኩ ነበር። ሴፍቲኔት ውስጥ «ተመረቀ» የሚባለው ጥሪት አፍርቷል፣ ራሱን ችሏል ተብሎ ከድጋፉ የሚወጣው ሰው ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በዚያ መንደር ቃሉ የሚያስደነግጥ ቃል ሆኗል። እንግዲህ አስቢው፤ የማትታወቅ ሴት መዝገብ ከያዘ ሰው ጋር ገብታ፣ ድምፅ መቅጃ አስቀምጣ፣ «ለመመረቂያ ነው፣ ምን ከብት አላችሁ?» ስትል። እኚህ እናት እኔ ስመጣ ሁለት በጎቻቸውን እህታቸው ቤት ልከው ነበር። በጎቹን በማግሥቱ አየኋቸው።

ያ ሁሉ ቃለ ምልልስ ለጥያቄዬ መልስ መሆኑ ቀረ። ግማሹን ከወንድሜ የተበደርኩት ዘጠኝ ሺህ ብር አለቀ። አንድ ሴሚስተር ተራዘመብኝና የክፍሌ ልጆች ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ ገና ከዜሮ እጀምር ነበር። በዚያ ወቅት ትምህርቱን ላቋርጥ አስቤ እንደነበር አልደብቅሽም።

በግንቦት ተመለስኩ። ደብዳቤውን ለቀበሌው አሳይቼ ልማት ሠራተኛውን በአክብሮት ቢሮ እንዲቆይልኝ ለመንኩት፤ እሱም ሰው ነው፣ ገባው። ወደ መንደሩ ያስገቡኝ እኚያ እናትና የቅሬው (በወሎ እድሩ) ሽማግሌዎች ናቸው። «ትምህርት ቤት የምሰጠው ወረቀት ነው፤ ማንንም አላስመዘግብም፣ ማንንም አላሰርዝም» እያልኩ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ፊርማም አልጠየቅሁም። ክፍያ ሲቀበሉ የጣት አሻራ ያደርጋሉና ወረቀት ሲወጣ ይሸሻሉ፤ አንቺም የሥነ ምግባር ኮሚቴው የቃል ስምምነት እንዲፈቅድልሽ ከወዲሁ ጻፊ።

ያን ጊዜ ነው ወሬው የመጣው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ሁለቱ ብቻ ተመዝግበው፣ የሁለት ሰው ስንዴ ለአምስት ሲሰፈር። ለድጋፉ ምላሽ የሚሠራው የእርከን ሥራ በአንድ ተመዝጋቢ በወር አምስት ቀን ሆኖ፣ እናት የታመመ ባሏን ቀን ጨምራ ስትሠራ። አንዷ ላልተመዘገበች ጎረቤቷ በየወሩ በቁና ሰፍራ በማታ ትወስድላታለች። በቀን ቢታይ «ተርፏት ነው» ተብላ ትመረቃለች። ለምን ትሰጫለሽ ብላት «የሷ ልጆች እያዩ የኔ ቤት ብቻ ጭስ ቢወጣ፣ ነገ ማን ይቀብረኛል?» አለችኝ። ይህን የትኛውም መጠይቅ አያመጣልሽም።

ሌላ ጥፋቴ ኮድ የማደርገው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ንግግር የሐሳብ ስም የምሰጠው፣ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» የሚለውን «በፕሮግራሙ ረክተዋል» ብዬ ሰይሜው ነበር። እኔ የወሎ ልጅ ሆኜ! እናቴ ሦስት ቀን ሳትበላም «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የምትለው። ኮድሽን በአማርኛ ሥሪ፣ ትርጉሙን መጨረሻ ላይ። «ይሉኝታ»ን ደግሞ ቃሉን እንዳለ አስቀምጠሽ በአንድ አንቀጽ አብራሪው፤ ኀፍረት ብለሽ ከተረጎምሽው ሞተ።

4. የመጀመሪያዎቹን 11 አልጣልኳቸውም። ሴቶቹ ምን እንደሚፈሩ በደንብ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው፤ ጥፋቴን ሳልሸፋፍን የአጠናን ዘዴው ምዕራፍ ውስጥ ጻፍኩት። አማካሪዬ «አውጪው፣ ያስጥልሻል» ብሎኝ ነበር። የውጭ ፈታኙ ግን ከተሰጠን ጊዜ ግማሹን በዚያ ላይ አሳለፈና በመጨረሻ ተነሥቶ ጨበጠኝ። ዛሬ ያ ምዕራፍ ለአዲስ ተማሪዎች ይሰጣል፤ እኮራበታለሁ።

የማኅበረሰብ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ስለሆነ ጠዋት ሴቶቹን ቤት አታገኚያቸውም፤ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ሰዓት ሂጂ፣ የገበያ ቀን ተይው። ስኳርና ቡና ይዘሽ ግቢ። በር ላይ ስለራስሽ የምትናገሪውን ሦስት አራት ዐረፍተ ነገር ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ከመውጣትሽ በፊት አነብልሻለሁ። አብሽሪ።