ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሆነው ወደ ግሪክ ደሴት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአውሮፓ በጋ በተቃረበ ቁጥር ለዚህ አምድ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ። ጸሐፊዎቹ አብረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዕረፍት ለመውጣት ያሰቡ፣ መድረሻቸውንም ከግሪክ ደሴቶች አንዱ ለማድረግ የቆረጡ ጥንዶች ናቸው። ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጬ፣ ደብዳቤዎቹን አሳጥሬና የጠያቂዎቹን ማንነት ሸሽጌ እነሆ መልሴን አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ እጮኛዬ ገና ተማሪ ነው። የስምንት ቀን ፈቃድ አለን። እሱ ሳንቶሪኒን፣ ሚኮኖስንና ፓሮስን በአንድ ጉዞ ካላየን ይላል፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ላለ ሆቴልም ገንዘብ እበደራለሁ ብሎኛል። ላስቁመው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ያስቁሙት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው። ከጉዞው በኋላ ለወራት የሚከፈል ዕዳ፣ ያውም ገና በትምህርት ላይ ባለ ሰው ጫንቃ ላይ፣ ቅያሜ ከማስከተል በቀር የሚፈይደው የለም።

ሦስት ደሴት በስምንት ቀን የሚለውንም ዕቅድ አልመክርም። ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው መሻገር በካርታ ላይ ሲታይ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት መንገድ ይመስላል። በተግባር ግን ረፋድ ላይ ክፍል ማስረከብ፣ ሻንጣ እየጎተቱ ወደብ መውረድ፣ የዘገየ መርከብ ጥላ በሌለበት ቆሞ መጠበቅ፣ ከደረሱም በኋላ አዲሱ ክፍል እስኪጸዳ መንከራተት ስላለ፣ ሙሉ ቀን ይበላል። ጥንዶች የሚነጫነጩትም በአብዛኛው በዚሁ ቀን ነው፤ ርቧቸው፣ ደክሟቸው፣ ትኬቱ በማን ስልክ ላይ እንዳለ እንኳ ጠፍቷቸው።

የሳንቶሪኒን ዋጋ ሰማይ የሰቀለው እይታው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው ወይም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም የፈነዳው እሳተ ገሞራ የደሴቲቱን መሐል አስምጦ ባሕር የሞላው ጎድጓዳ ስፍራ ትቷል፤ ፊራና ኢያ የተባሉት ነጫጭ መንደሮች በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ተደርድረዋል። እይታው በእርግጥ ስሙን ይመጥናል። ነገር ግን ጥቁር አሸዋ ያላቸው የመዋኛ ዳርቻዎች፣ ካማሪና ፔሪሳ፣ ያሉት በደሴቲቱ በሌላው በኩል ስለሆነ፣ አፋፉ ላይ ውድ ክፍል የተከራየ ሰው ባሕር ለመግባት አውቶቡስ መሳፈር ይኖርበታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት የሚሰበሰበው ሕዝብ የኢያን ጠባብ መንገድ የጥምቀት ሰሞን ያስመስለዋል። መንግሥትም መጨናነቁን አይቶ፣ በሽርሽር መርከብ መጥቶ ሳንቶሪኒ ወይም ሚኮኖስ ላይ ከሚወርድ ከእያንዳንዱ መንገደኛ በዋናው የጉብኝት ወቅት 20 ዩሮ ማስከፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 በጋ ነው።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ናክሶስን ብቻ እመርጥ ነበር። ሳንቶሪኒና ሚኮኖስም ካሉበት፣ ኪክላዲስ ከሚባለው የደሴቶች ክፍል ትልቁ ነው፤ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በትልቅ መርከብ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የራሱ እርሻ፣ የራሱ ድንችና አይብ ያለው ደሴት ስለሆነ በቱሪስት ብቻ አይኖርም፤ ምግቡም ከሁለቱ ዝነኞች ይልቅ ለኪስ ይቀላል። ከአጊዮስ ፕሮኮፒዮስ እስከ ፕላካ የተዘረጋው አሸዋማ ዳርቻ ከከተማው በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። ምሽት ላይ ከወደቡ አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ኮረብታ በእግር ብትሄዱ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ተጀምሮ ሳይፈጸም ከቀረ የአፖሎ ቤተ መቅደስ የተረፈ ግዙፍ የእብነ በረድ በር ብቻውን ቆሞ ታያላችሁ፤ ፀሐይዋ በበሩ መሐል ስትገባ ለመመልከት የሚከፈል ነገር የለም። እጮኛዎ ሳንቶሪኒን ካላየሁ ካለ፣ ከናክሶስ በመርከብ ደርሶ መልስ ይሂዱ፤ አፋፉን አይተው ማታ ወደ ክፍላችሁ ትመለሳላችሁ።

የክፍል ዋጋ ስታወዳድሩ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በየሌሊቱ የሚከፈለውን የመንግሥት ቀረጥ አትርሱ። እንደ ሆቴሉ ኮከብ ለአንድ ክፍል ከ2 እስከ 15 ዩሮ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በኢንተርኔት ከከፈላችሁት ውስጥ ስለማይካተት እንግዳ መቀበያው ላይ ሲጠየቅ ያስደነግጣል።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሱት። እኩል ሳይሆን እንደየገቢያችሁ የምታዋጡበት አንድ ካርድ አዘጋጁና ምግብም ትኬትም ከዚያ ይከፈል። ካርዱን እሱ ኪስ ውስጥ ያኑሩት። አስተናጋጁ ሂሳቡን ከእሱ ፊት ሲያስቀምጥ ማንም ማንንም አያይም፤ በየማዕዱ «እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብም ይቀራል።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ዱባይ እሠራለሁ። ጓደኛዬ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ አላት። ቀርጤስ ላይ ለመገናኘት አስበናል። ቪዛ የምጠይቀው የት ነው? አልተጋባንም፤ ሆቴሉ የጋብቻ ወረቀት ይጠይቀን ይሆን?

መልስ፦ እሷ ቪዛ አያስፈልጋትም። በሼንገን አገር የተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድ ከጸና ፓስፖርት ጋር በሌሎቹ የሼንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመቆየት ያስችላል። በረራዋ ከሼንገን ወደ ሼንገን ቢሆንም ሁለቱንም ሰነድ ትያዝ። ይህ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ነው፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው የያዘው ጊዜያዊ ወረቀት ድንበር አያሻግርም።

እርስዎ የሚያመለክቱት በሕጋዊነት በሚኖሩበት አገር፣ ማለትም እዚያው ኤምሬትስ ውስጥ፣ ለግሪክ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፣ ሆኖም በጋ ላይ ቀጠሮ ስለሚጠብ እስከዚያ አይጠብቁ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስም ግዴታ ነው። ከአሠሪዎ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫና የሆቴል ማረጋገጫ ያያይዙ። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ትኬት አይግዙ፤ ሆቴሉንም በነፃ ሊሰረዝ በሚችል መልኩ ይያዙ።

የጋብቻ ወረቀት ግሪክ ውስጥ ማንም አይጠይቃችሁም፤ የሚፈለገው ፓስፖርት ብቻ ነው። ይልቅ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ወይም ባለ አንድ ትልቅ አልጋ ክፍል መሆኑን ስታስይዙ ለይታችሁ ጻፉ። ይህን ጓደኛዎን ጠይቀው ይወስኑ እንጂ በግምት አይወስኑላት።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ወር መርከብ በነፋስ ምክንያት ይቀራል ሲሉ ሰማን። ከፓሮስ በመርከብ ተነሥተን ያኑ ዕለት ማታ ከአቴንስ ወደ ቴል አቪቭ እንበርራለን። ያሰጋናል?

መልስ፦ አዎን፣ ያሰጋል። በጁላይና በኦገስት ኤጂያን ባሕር ላይ መልቴሚ የሚባል ደረቅ የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። በባልካን በኩል ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊትና በቱርክ በኩል ያለው ዝቅተኛ ግፊት ሲገናኙ የሚፈጠር ስለሆነ ዝናብም ደመናም አያስከትልም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባሕሩ ይናወጣል፤ አንዴ ከተነሣም ቀናት ሊቆይ ይችላል። ነፋሱ ሲበረታ፣ በተለምዶ ቦፎርት በሚባለው የነፋስ ኃይል መለኪያ 8 ሲደርስ፣ የወደብ ባለ ሥልጣናት መርከቦች እንዳይነሡ ያግዳሉ። ፈጣኖቹ ትንንሽ መርከቦች ከዚያ አስቀድመው ሊታገዱ ይችላሉ፤ ባይታገዱም ማዕበሉ ላይ ስለሚዘሉ ሆዱ የማይችል መንገደኛ ትልቁንና ዘገምተኛውን መርከብ ይምረጥ።

ጉዞው ሲሰረዝ የመርከቡ ኩባንያ ገንዘቡን ይመልሳል ወይም ሌላ ቀን ይሰጣል፤ ያመለጠውን አውሮፕላን ግን አይከፍልም። ስለዚህ የመጨረሻውን ሌሊት አቴንስ እደሩ። ከፒሬየስ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በምድር ባቡር ያለ ቅያሪ መሄድ ይቻላል፤ በራፊና ወደብ የሚያልፍ መርከብ ካገኛችሁ ደግሞ ወደቡ ለአውሮፕላን ማረፊያው ይበልጥ ይቀርባል። ፈቃዳችሁን ማዛወር ከቻላችሁ ሴፕቴምበር ይሻላል፦ ባሕሩ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፣ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምንኖረው። ፈቃድ ያገኘነው ጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው። እኔ እጾማለሁ፤ እሱ አይጾምም። ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ የጾም ምግብ አይጠፋም ብዬ ተጽናንቻለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ በከፊል። ግሪኮችም የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፤ ዘመን አቆጣጠራቸው ግን የተለየ ነው። እነሱ በፈረንጆቹ ከኦገስት 1 እስከ 14 ጾመው በ15 ሲያከብሩ፣ የእኛው ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ዐደባባይ በግ ሲጠበስና ሙዚቃ ሲደምቅ እርስዎ ገና የጾሙ አጋማሽ ላይ ይሆናሉ። ያ ዕለት በግሪክ ብሔራዊ በዓል በመሆኑ የአቴንስ ሰው ሁሉ ወደ ደሴቶቹ ይተማል፤ መርከቡንም ክፍሉንም ከወራት በፊት ይያዙ። በተለይ ቲኖስ፣ በ1823 የተገኘው የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ደሴት፣ በዚያ ሰሞን በተሳላሚ ጢም ይላል፤ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት በጉልበታቸው እየዳኹ የሚወጡ ምእመናንን ማየት ይቻላል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ። በግሪኮች ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ ደም የላቸውም ተብለው በጾም ይበላሉ። ስለዚህ «ኒስቲሲሞ» ብለው የጾም ምግብ ቢያዝዙ የተጠበሰ የኦክቶፐስ እግር ከሎሚ ጋር ሊቀርብልዎ ይችላል፤ አስተናጋጁ ግን ያጠፋው ነገር የለም። ይልቅስ በወይራ ዘይት ብቻ የተሠሩትን የአትክልት ወጦች ይጠይቁ፤ እነሱ «ላዴራ» ይሏቸዋል። በምድጃ የበሰለ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም፣ ተቀቅሎ ዘይትና ሎሚ የፈሰሰበት የዱር ቅጠላ ቅጠል፣ በሩዝ የተሞላ ቲማቲምና ቃሪያ (አንዳንዱ የተፈጨ ሥጋ ስለሚገባበት ይጠይቁ)፣ ከሁሉም በላይ ፋቫ። የሳንቶሪኒው ፋቫ የሚሠራው ከጓያ ዘመድ ከሆነ ጥራጥሬ ነው፤ ተከክቶ፣ ተቀቅሎና ተልሞ፣ ጥሬ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ተደርጎበት ይቀርባል። ለሽሮ የለመደ አፍ ባዳ አይሆንበትም። አይብ ሳይጠየቅ ከላይ ስለሚጣል «ሆሪስ ቲሪ»፣ ያለ አይብ፣ ማለትን አይርሱ።

ስለ ባልደረባዎ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን አንድ ቃል ልጨምር። እሱ በግ ጠብሶ ሲበላ ፊትዎን አያጥቁሩበት፤ እሱም እርስዎ ቁርስ ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆዩ ያንን አክብሮ የቀኑን የእግር ጉዞ ያሳጥር። የኦገስት ፀሐይ ለጾመኛ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ «ግሪክ ድረስ ሄዳችሁ ፍጥሞን ሳትሳለሙ እንዳትመለሱ» ብላናለች። ማረፊያችን ሳንቶሪኒ ነው። በአንድ ቀን ደርሰን መመለስ እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ የምትገኘው ከሳንቶሪኒ ርቃ፣ ወደ ቱርክ ጠረፍ በቀረበው የደሴቶች ክፍል ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያም የላትም። መሄድ ከፈለጋችሁ ጉዞውን ሁሉ በእሷ ዙሪያ አድርጉት፦ በአውሮፕላን ወደ ኮስ ወይም ወደ ሳሞስ፣ ከዚያ በመርከብ። ከወደቡ ወደ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ የራእዩ ዋሻ፣ ከዚያ ኮረብታው ጫፍ ላይ በ1088 የተመሠረተውና ምሽግ የሚመስለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ይገኛሉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ፤ ነጠላ ያላት ብትይዝ ይበቃታል። ከተሳላሚነቱ ሌላ ፍጥሞ ጸጥ ያሉ መዋኛዎች ያሏት ደሴት ስለሆነች ለሁለት ሰው ዕረፍት ከሳንቶሪኒ አታንስም። እናትዎ ጥሩ መርጠዋል።

ጥያቄ፦ እሱ ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ እኔ ፈቃድ ላይ ስሆን እስከ አራት ሰዓት እተኛለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ቀን እንዴት ልንከርም ነው?

መልስ፦ በየጠዋቱ በመለያየት። ናክሶስ ላይ ከሆናችሁ እሱ ማልዶ በአውቶቡስ ፊሎቲ መንደር ይሂድና ከ1,000 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የዛስ ተራራ ፀሐይ ሳይከር ይውጣ፤ እርስዎ ይተኙ። ደሴቶቹ ላይ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ያሸልባል፤ እራት የሚበላው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ያን ጊዜ እንቅልፍ የሚጥለው እሱን ስለሆነ ቀትር ላይ እንዲተኛ ያስገድዱት።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳርቻው ላይ ወንበርና ዣንጥላ ካልተከራየን ያባርሩናል?

መልስ፦ አያባርሯችሁም። ዳርቻው የሕዝብ ነው። በ2023 የፓሮስ ነዋሪዎች ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ የወጡት በወንበር የተሞላ ዳርቻ መቀመጫ ነሳን ብለው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግም ከእያንዳንዱ ዳርቻ ቢያንስ ግማሹ ነፃ እንዲሆን አዝዟል። ዣንጥላ ከከተማው ሱቅ ይግዙ፤ ነፋስ ባለበት ቀን ግን አይዝዎትም።

ጥያቄ፦ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሶፍት ወደ መቀመጫው አትጣሉ የሚል ጽሑፍ አለ አሉ። እውነት ነው? አብረን ስናድር የመጀመሪያችን ስለሆነ አፍሬ ነው የምጠይቅዎ።

መልስ፦ እውነት ነው። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ይደፈናል፤ ሶፍቱ አጠገቡ ባለው ክዳናም ቅርጫት ይጣላል፣ ቅርጫቱም በየቀኑ ይጸዳል። ለእሱም በደረሳችሁበት ሰዓት ሳያፍሩ ይንገሩት። በሦስተኛው ቀን የተደፈነ ቱቦ ይዞ የማረፊያውን ባለቤት መጥራት የባሰ ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ባለአራት ጎማ ሞተር ተከራይተን ደሴቱን ልንዞር አስበናል። ያለን የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነው።

መልስ፦ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ሳይይዙ አይከራዩ። አከራዩ ዝም ቢልም፣ አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ ዝም አይልም። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ አስፋልቱም በአሸዋ የሚያንሸራትት ነው፤ ለሁለት ሰው ትንሽ መኪና ይሻላል፣ ውሉም ጎማንና የመኪናውን ሥር ይሸፍን እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ። መኪናውን ከመረከብዎ በፊት ዙሪያውን በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹት፤ ቅረጻው ላይ አከራዩም ቢታይ ጥሩ ነው።