ያለ ሪፈር ፊዚዮቴራፒስት ጋ መሄድ ይቻላል?

ወገቤን ካመመኝ ሁለት ሳምንቴ ነው። ሐኪም ሳያየኝ በቀጥታ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ብሄድስ?

እንደየአገሩ ሕግ ነው። አውስትራሊያ የሪፈርን ነገር የተወችው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኔብራስካ የምትባለው ግዛት በ1957 እ.ኤ.አ. ቀድማ ጀመረች። ዛሬ 50ዎቹም ግዛቶች በተወሰነ መልኩ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የቀን ወይም የቀጠሮ ገደብ አላቸው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ለተራ የወገብ ሕመም ወረቀት ፍለጋ መመላለስ ትርፉ ድካም ነው። ወረፋ ሲጠብቁ ተኝተው ይሰነብቱና ወገብዎ ጭራሽ ይደርቃል።

ባለቤቴ ግን "ከባድ በሽታ ቢሆንና ቢያልፈውስ?" ትላለች።

እውነቷን ነው፣ መፍራት ያለባትን ነው የፈራችው። ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ወገብዎን ከመንካቱ በፊት ጥያቄ የሚያበዛውም ለዚህ ነው። አንዲት ወዳጄ "ወገቤን አሞኝ ብሄድ ስለ ሽንቴ ይጠይቀኛል!" ብላ ስትስቅ ነበር። ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ (ኮርቻ የሚነካው ቦታ በሉት) ከደነዘዘ፣ የአከርካሪው ግርጌ ላይ ያሉት ነርቮች ተጨፍልቀው ሊሆን ይችላል። ያ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል፤ ነገ ዛሬ አይባልም። ያለምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ ጋደም ቢሉም የማይተው የሌሊት ሕመም፣ ቀድሞ ካንሰር የነበረበት ሰውነትም እንዲሁ በቸልታ አይታለፉም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሪፈሩን ጽፎ ወደ ሐኪም የሚልከው ፊዚዮቴራፒስቱ ራሱ ነው።

ምንም ሳይጠይቅ "አልጋው ላይ ይውጡ" ካለዎት ግን ጫማዎን አድርገው ይውጡ።

ኢንሹራንስ ይከፍልልኛል?

ሕጉ ፈቀደ ማለት ከፋዩ ፈቀደ ማለት አይደለም። የአሜሪካው ሜዲኬር (በአብዛኛው ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ለምሳሌ ያለ ሪፈር ቢሄዱም የሕክምና ዕቅዱ እንዲጸድቅ ይፈልጋል። ከቀጠሮው በፊት ይደውሉ።

ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎ አብጧል። ራጅ ይቅደም ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

ተነስተው አራት እርምጃ ይሞክሩ። እያነከሱም ቢሆን ከተራመዱ ጥሩ ነው። ካቃተዎት፣ ወይም በግራና በቀኝ ጉብ ያሉትን አጥንቶች ከኋላቸው ጫን ሲሏቸው ካመመዎት፣ ራጁ ይቅደም።

ከረጅም ጉዞ በኋላ አንደኛው ባቴ አብጧል፤ ሲነኩት ይሞቃል። ሪፈር ካላስፈለገ ሄጄ ልታሽ?

እንዳይታሹ! የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። ቀጠሮም አይያዙ። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።