ካውንስሉ ከተቃወመ ሕጉ አይነካንም ወይ? (መልስ)

ይነካችኋል እህቴ። የሎስ አንጀለስ ካውንስል (የከተማው ምክር ቤት) በኦገስት 2025 ኤስቢ 79 የተባለውን የካሊፎርኒያ ስቴት የቤት ግንባታ ረቂቅ ሕግ 8 ለ 5 ሲቃወም አቋሙን ሳክራሜንቶ ላሉት የስቴቱ ሕግ አውጪዎች ማሳወቁ ነው እንጂ ሕጉን ማስቆም አይችልም። የስቴቱ ገዥ ኒውሰም በኦክቶበር ፈርመውበታል። በባቡር ጣቢያና በፈጣን አውቶቡስ ፌርማታ ዙሪያ ከፍ ያሉ አፓርታማዎች እንዲሠሩ ይፈቅዳል።

አሁን እንዲህ አድርጊ፦

1. ከቤትሽ እስከ ጣቢያው ያለውን ርቀት ለኪ። ግማሽ ማይል ውስጥ ከሆነ ሊመለከትሽ ይችላል።
2. የከተማውን ፕላን ቢሮ አድራሻሽን ሰጥተሽ ጠይቂ። ተከራይ ከሆንሽ ሕንጻው የኪራይ ቁጥጥር (የኪራይ ጭማሪ ገደብ) እንዳለው አጣሪ። ሕጉ ተከራይ የኖረባቸው እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች እንዳይፈርሱ የሚከላከል አንቀጽ አለው። ይህን አትዝለዪው፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የአቋም ውሳኔን ርዕሱን ብቻ አይተሽ አትሂጂ። እኔ አንዴ በሌላ ረቂቅ ላይ «ተቃውሞ» የሚለውን አይቼ የሦስት ደቂቃ ንግግር ይዤ ሄድኩ። ማይኩን የሰጡኝ ለአንድ ደቂቃ ነው። ወረቀቱ ውስጥ ደግሞ «ካልተሻሻለ በቀር» ይላል። የተናገርኩት ከነጥቡ ውጭ ሆነ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የሎስ አንጀለሱም እንደዚያው ነው፦ ስቴቱ ያጸደቀው የቤቶች ዕቅድ ያለው ከተማ ከሕጉ ነፃ ይሁን የሚል ነበር።