አልትራሳውንዱ «ደህና ነው» ካለ ፋይብሮስካን ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሹፌር ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ከ4 ዓመት በፊት ወደ አረብ አገር ልሄድ ሜዲካል ሳደርግ «ሄፓታይተስ ቢ አለብህ» ተባልኩና ጉዞዬ ቀረ። ምንም ስለማያመኝ ተውኩት። ሰሞኑን ስመረመር ግን የጉበት ኢንዛይሜ ትንሽ ከፍ ብሏል። አልትራሳውንዱ ጉበትህ ደህና ነው ይላል። ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ ፋይብሮስካን እንድነሣ ታዘዘልኝ፤ ውጤቱ 9.8 ነው። የገባሁት ቁርሴን ጥግብ ብዬ በልቼ ነው፤ አትብላ ያለኝ የለም። ጉበቴ አለቀ ማለት ነው? ባዮፕሲስ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ በዚህ ቁጥር ጉበትዎ አልቋል አይባልም። ግን ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም።

መጀመሪያ ግራ ያጋባዎትን ላስረዳ። ተራው አልትራሳውንድ ፎቶ ነው። የጉበትን መጠን ያያል፣ እብጠት ካለ ያያል፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ከቋጠረም ያያል። ጠባሳ ግን ገና ሲጀምር ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ፋይብሮስካን የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ የጉበትን ጥጥረት ይለካል። ከልኳንዳ ቤት የገዙትን ትኩስ ጉበት በጣትዎ ነክተው ያውቃሉ? ልስልስ ነው። ቫይረሱ ለዓመታት ሲያቆስለው የኖረ ጉበት ግን ጠባሳ እያበጀ ይጠጥራል። አንዱ ምርመራ በዓይን እንደማየት፣ ሌላው በእጅ እንደመዳሰስ ነው ብለው ይያዙት።

ቀኝ እጅዎን ከራስዎ ሥር አድርገው በጀርባዎ ሲተኙ፣ ጎድንዎ መሐል ኳ ኳ እያለ የመታዎት መሣሪያ ትንሽ ንዝረት ወደ ጉበትዎ ይልካል። የልብስ ማስጫ ገመድ ጫፉን መታ ሲያደርጉት፣ ከተወጠረ ንዝረቱ ወዲያው ሌላው ጫፍ ይደርሳል፤ ከላላ ይዘገያል። ጉበትም በጠጠረ ቁጥር ንዝረቱ ይፈጥንበታል። ማሽኑ ፍጥነቱን 10 ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን ኪሎፓስካል በሚባል የጥጥረት መለኪያ ይሰጣል። የእርስዎ 9.8 ይህ ነው።

አሁን ወደ ቁርስዎ ልመለስ፤ ለኔ ከደብዳቤዎ ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ምግብ ስንበላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ልኬቱም ከእውነቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይበሉ መነሣት ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ሊነግርዎት የሚገባ ሰው ነበር፤ ስላልተነገረዎት አዝናለሁ። ኢንዛይምዎ ከፍ ማለቱም ጉበቱ እየተቆጣ መሆኑን ያሳያል፤ ቁጣው ብቻውን ቁጥሩን ሊያሳድገው ይችላል። የልብ ድካም፣ የሐሞት መንገድ መዘጋት፣ የሰሞኑ መጠጥም እንዲሁ ያደርጋሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሄፓታይተስ ቢ ታማሚ ከ7 በላይ ማለት ትርጉም ያለው ጠባሳ አለ ማለት ነው። ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበቱ በሙሉ በጠባሳ መጠጠሩ፣ የሚጠረጠረው ከ12.5 በላይ ሲሆን ነው። እርስዎ መሐል ላይ ነዎት። በባዶ ሆድ ይድገሙትና ከ7 በታች ከወረደ ሐኪምዎ ከኢንዛይሙና ከቫይረሱ መጠን ጋር አያይዞ ያየዋል። ከ7 በላይ ከቆየ ግን መድኃኒት ይጀምሩ ባይ ነኝ። ቴኖፎቪር የሚባለው ክኒን በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው። እስኪያምዎት አይጠብቁ፤ ጉበት ሲያልቅም ቶሎ አይናገርም። መድገሙ በገንዘብ ከከበደዎት፣ ኤኤስቲ ከሚባለው ኢንዛይምና ከፕላትሌት ቁጥር የሚሰላ አፕሪ የሚባል ልኬት አለ። ተራ የደም ምርመራ ስለሆነ አዳማም ይሠራልዎታል።

ባዮፕሲ፣ ማለትም ከጉበት በመርፌ ቁራጭ ወስዶ መመርመር፣ አሁን አያስፈልግዎትም። መርፌው የሚያወጣው ቅንጣት ነገር ነው፤ ፋይብሮስካን የሚለካው ክፍል ከዚያ 100 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ባዮፕሲ የምናዝዘው ውጤቶቹ እርስ በርስ ሲጣሉብን ወይም ሌላ በሽታ ስንጠረጥር ነው። ተራውን አልትራሳውንድ ግን እንዳይተዉት። ፋይብሮስካን የጉበት ካንሰርን አያይም።

ሹፌር ነኝ ስላሉኝ ልጠይቅዎት፦ ጫት ይቅማሉ? በሐረር አካባቢ የተደረገ ጥናት አዘውትሮ መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ከቻሉ ያቁሙ፣ አረቄውንም እንዲሁ። ሰው «ለወፍ በሽታ ፍቱን ነው» ብሎ የሚያመጣልዎትን ቅጠል ደግሞ በጭራሽ አይጠጡ፤ ምኑ እንዳለበት አይታወቅም፣ ጉበት የሚጎዳም አለ።

ስለ ባለቤትዎና ልጆችዎ ምንም አልጻፉልኝም። ካሉ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ይመርመሩ፣ ነፃ የሆኑት ክትባቱን ይውሰዱ።