ማስታወቂያው ሳይወጣ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለት ዓመት በደንበኞች አገልግሎት ሠርተሻል። በማደግ ላይ ያለ የቴክኖሎጂ ስታርትአፕ ውስጥ መግባት ትፈልጊያለሽ። 60 ቦታ አመልክተሽ የመለሱልሽ 4 ብቻ ናቸው፤ እነሱም «ለጊዜው አልሆነም» ብለውሻል። «ፕሮግራመር ስላልሆንኩ ነው ወይ?» ነው ያልሽው። አይደለም። እኔም አንድ መስመር ኮድ ሳልጽፍ ነው የገባሁት። ሁለት ስታርትአፖች ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ከሚቀጥሩት ወገን ሆኛለሁ። ከሁለቱም በኩል ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያ ሁሉ ማመልከቻ የት እንደሚገባ እወቂ። ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሲቪ የሚያነብ የተለየ ክፍል የለም። የሚያነበው ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ሲሠራ የዋለ ሰው ነው፣ ያውም ማታ። ባለፈው አንድ ቦታ ስናወጣ በ3 ቀን ውስጥ ከ300 በላይ ሲቪ መጣልን። በደንብ ያነበብነው የመጀመሪያዎቹን 70 ያህሉን ነው። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ከቀሩት ውስጥ ጎበዝ ሰው እንደነበረ አልጠራጠርም።

ሌላም ምክንያት አለ። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር ለፌስቡክ ሲሸጥ የነበሩት ሠራተኞች 13 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ሥራው ካልሆነለት ሁሉም ይጎዳል። ስለዚህ የሚቀጥሩት ሲፈሩ ሥራውን በዓይናቸው ያዩትን ሰው ይመርጣሉ። አንቺ ማድረግ ያለብሽም ከመቀጠርሽ በፊት ሥራሽን ማሳየት ነው።

የኔን ልንገርሽ። የአንድ ትንሽ ድርጅት መተግበሪያ እጠቀም ነበር። አንድ ቀን በአሮጌ ስልክ እንደ አዲስ ልመዘገብ ስል የማረጋገጫ ኮዱ ሲደርሰኝ ጊዜው አልፎበታል። ደገምኩት፣ አሁንም አለፈ። በሦስተኛው «ብዙ ጊዜ ሞክረዋል» ብሎ ዘጋብኝ። በማግስቱ ስክሪኑን እየቀረጽኩ ሰዓት ያዝኩ። ኮዱ የሚሠራው ለ60 ሰከንድ ነው፣ መልእክቱ የሚደርሰው ግን በ75ኛው ሰከንድ አካባቢ። ከዚያ ተጠቃሚዎች የጻፏቸውን አስተያየቶች አንድ በአንድ አነበብኩ። «መመዝገብ አቃተኝ» የሚሉ 11 ሰዎች አገኘሁ። ለመሥራቹ 8 መስመር ኢሜይል ጻፍኩለት፦ ችግሩ ምንድን ነው፣ ስንት ሰው ሲያማርር አየሁ፣ እስኪስተካከል ለደንበኛው ምን ቢባል ይሻላል። ቪዲዮውን አያያዝኩ፣ ሲቪዬን ግን አልላክሁም። መጨረሻ ላይ «እንዲህ ያለውን ሥራ የሚከታተል ሰው ከፈለጋችሁ ባነጋግራችሁ ደስ ይለኛል» አልኩ። በማግስቱ ደወለልኝ። ቦታው ማስታወቂያ አልወጣበትም ነበር። ሰው እንደሚያስፈልገው ገና እያሰበበት ነበር።

አንቺ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የት ጋ እንደሚሰናከል ስትሰሚ ኖረሻል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፣ አታቃልዪው። 60 ቦታ መላኩን ተዪውና 5 ድርጅት ምረጪ። የእያንዳንዱን ምርት ሳምንት ያህል ተጠቀሚበት፣ ከዚያ ያየሽውን ችግር እኔ እንዳደረግኩት በአጭር ኢሜይል ለመሥራቹ ጻፊለት።

ድርጅቶቹን ለመፈለግ ዌልፋውንድ የሚባል የስታርትአፕ ሥራዎች ድረ ገጽ አለ፤ ቀድሞ አንጀልሊስት ታለንት ይባል የነበረው ነው። ዋይ ኮምቢኔተር የሚባለው የስታርትአፖች ደጋፊ ተቋምም ገንዘብ ያስገባባቸው ድርጅቶች ሥራ የሚያወጡበት ገጽ አለው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምከታተለው ማን አዲስ ኢንቨስትመንት እንዳገኘ ነው። ገንዘብ እንደገባ ቅጥር ይከተላል። ላንቺ የሚሻልሽ ሲድ (የመነሻ ገንዘብ) ላይ ያሉት ሳይሆኑ ሴሪስ ኤ (ከሲድ ቀጥሎ የሚመጣውን ትልቅ ኢንቨስትመንት) ያገኙት ይመስለኛል። ሲድ ላይ ያለው ገና ምርቱን ማን እንደሚገዛው እየፈለገ ነው። ሴሪስ ኤ ሲደርስ ደንበኛው ስለሚበዛ መሥራቾቹ ስልክ ማንሳት ያቅታቸዋል። ያኔ ያንቺ ዓይነት ሰው ይፈለጋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር። እነሱ አንቺን እንደሚመረምሩ አንቺም መርምሪያቸው። የመጀመሪያው ድርጅቴ ደሞዝ ሁለት ወር አዘገየ፣ በሦስተኛው ተዘጋ። ስገባ ስለ ገንዘባቸው አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። የቤት ኪራይ የሚጠብቃቸው ባልደረቦቼ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ቀጥ ብለሽ ጠይቂ፦ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር ይበቃል? እነሱ ራንዌይ የሚሉት ይህን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 600 ሺህ ዶላር ያለው ድርጅት በየወሩ ከገቢው በላይ 50 ሺህ የሚያወጣ ከሆነ 12 ወር አለው። ከ6 ወር በታች ከሆነና ቀጣዩ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ፣ እኔ ብሆን አልገባም። ቁጥሩን በትክክል ላይነግሩሽ ይችላሉ፣ ግን በጥያቄው የሚቆጣ አለቃ ካጋጠመሽ ከዚያው ቁርጡን አወቅሽ ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከዓመት በፊት ስንት ደንበኛ ነበራችሁ፣ አሁንስ? «እያደግን ነው» የሚለውን ሁሉም ይላል።

ደሞዙን ዝቅ አድርገው በምትኩ ስቶክ ኦፕሽን ሊሰጡሽ ይችላሉ። ኦፕሽን ማለት አክሲዮኑን ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት የመግዛት መብት ነው፤ አክሲዮኑ ራሱ አይደለም። «10,000 ኦፕሽን» ሲሉሽ ልብሽ እንዳይሸፍት። ድርጅቱ በጠቅላላ ካለው ስንት አክሲዮን ውስጥ? ከ10 ሚሊዮን ከሆነ 0.1 በመቶ ነው። የተለመደው አሠራር በ4 ዓመት ቀስ በቀስ ያንቺ የሚሆንበት ነው፤ አንድ ዓመት ሳትሞዪ ከወጣሽ ምንም አይደርስሽም። ስትለቂ ለመግዛት ስንት ቀን እንደሚሰጡሽም ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ 90 ቀን ነው። ድርጅቱ ካልተሳካ ይህ ሁሉ ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ በደሞዙ ብቻ መኖር መቻል አለብሽ።

የሙከራ ሥራ ከሰጡሽ ጥቂት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ሥሪው። ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ ክፍያ ጠይቂ።

5ቱን ድርጅቶች ስትመርጪ ዝርዝሩን ላኪልኝ። የመጀመሪያውን ኢሜይልም ጽፈሽ ከመላክሽ በፊት አሳዪኝ፤ ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ስለምገባ በዚያው ቀን አንብቤ እመልስልሻለሁ።