ሳይከፈልዎ «ተከፍሎኛል» ብለው ፈርመው ይሆን?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ፒያሳ ጫማ የሚሰፉ አንድ አንባቢ ኮሜዲ ፊልም ላይ ዋናውን ሰው ሆነው ሠሩ። ታሪኩ፣ ካልተወንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ሀገር ፍቅር ቴአትር በር ላይ የሚመላለስ ጫማ ሰፊ ነው። የተነገራቸው 60,000 ብር፣ እጃቸው የገባው 15,000 ነው። ፊልሙ እየታየ ነው፣ ፊታቸው ፖስተር ላይ ነው፣ ፕሮዲውሰሩ ግን ስልክ አያነሳም። «ላሳግደው እችላለሁ ወይ?» ይላሉ።

ጋሼ፣ እገዳውን ለጊዜው ይተዉት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ምስልዎ ያለ ፈቃድዎ እንዳይታይ ይከለክላል፤ እርስዎ ግን ካሜራ ፊት የቆሙት ወደው ነው። ፎቶዎ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ከወጣ ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሁኑ የገንዘብ ጥያቄ ነው።

ደብዳቤዎ ውስጥ ቸኩለው ያለፏት ነገር አለች፦ «በመጨረሻው ቀን ለሒሳብ የሚሆን ወረቀት ፈርሜ ተለያየን።» ምን የሚል ወረቀት? አልነገሩኝም። ልገምት? «60,000 ብር ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ነው። «ለግብር ነው ጋሼ፣ ቀሪው ፊልሙ ሲወጣ ይገባልዎታል» ተብለዋል፣ ሰዉ እያጨበጨበልዎ ነው፣ ምሳ ቀርቧል፣ ታዲያ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል! አይቀየሙኝና፣ ደንበኛዎ ጫማውን አሠርቶ ሳይከፍል «ከፍሎኛል ብለህ ፈርምልኝ» ቢልዎ እሺ ይሉ ነበር?

ተዋናዩም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ዕቃ አቅራቢውም የሚወድቀው እዚችው ላይ ነው። በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 መሠረት ጽሑፉ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው። አንቀጽ 2006 ደግሞ ይብሳል። «ካሜራማኑ ያውቃል፣ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ትመሰክራለች» ቢሉ ዋጋ የለውም፤ ጽሑፉን በምስክር ማፍረስ አይቻልም። የሚቀርዎት ፕሮዲውሰሩን ፍርድ ቤት ፊት ማስማል ነው። ስልክ የማያነሳ ሰው መሐላ ላይ እውነት ይናገራል ብለው ተስፋ ካደረጉ እንግዲህ ይሞክሩት።

ወረቀቱ እንደዚያ የማይል ከሆነ ግን እፎይ ይበሉ። የቃል ውልም ውል ነው፣ ያኔ ምስክሮችዎ ይጠቅሙዎታል።

ስለዚህ ልደታ ፍርድ ቤት ከመሮጥዎ በፊት የወረቀቱን ኮፒ ያግኙ። ኮፒ አልሰጡኝም ካሉኝም አይገርመኝም፣ ይጠይቁ። ከዚያ ለፕሮዲውሰሩ በቴሌግራም «ቀሪው 45,000 መቼ ይገባልኛል?» ብለው በጨዋ ቋንቋ ይጻፉ። አይስደቡት፣ አያስፈራሩት። «ትንሽ ይታገሱኝ» ብሎ ከመለሰ ጥሩ መነሻ አገኙ ማለት ነው፤ መልእክቱን አያጥፉ፣ ስልኩንም አይሽጡ። 15,000ው የገባው በባንክ ከሆነ ስቴትመንት ያውጡ። ሁሉንም ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። እኔ ወረቀቱን ሳላይ ያሸንፋሉ አልልም።

ደግሞ እስካሁን ለምን ዝም እንዳሉ አልጻፉም። ክፍል ሁለት ላይ ይጠሩኛል ብለው ነው አይደል? ይጥሩዎት፣ ደስ ይለኛል። ግን ቀሪው ብር እጅዎ ሳይገባ፣ አዲሱንም ውል ጠበቃ ሳያየው፣ ብዕር አይንኩ።